ወደ የካ አባዶ የተላከው ከዘራ

ከዘራ መሥራት ማንም አላስተማረኝም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ጉራ ለመንዛት አይደለም። ጉራ ማለት የሌለን ነገር ማውራት ነው፤ እኔ የማወራው ያለኝን ብቻ ነው። ያለኝ ነገር መብዛቱ ደግሞ የእኔ ጥፋት ሊሆን አይችልም። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፣ የሱቅ ሰሌዳ እያየሁ። የሰዓት ጥገና በራሴ፣ የቧንቧ ሥራ በራሴ፣ የመብራት ዝርጋታም በራሴ። በመብራቱ ላይ ባለቤቴ በላይነሽ ሌላ አስተያየት አላት፤ ማብሪያ ማጥፊያውን በሠራሁ ሰሞን የእኛ ሳሎን ሲበራ የጎረቤታችን ሬዲዮ ይጠፋ ነበር። እኔ ግን እላለሁ፦ ይህን ሆን ብሎ መሥራት የሚችል መሐንዲስ ካለ ይቅረብና ያሳየኝ።

ቤታችን ቀበና ወንዙ ዳር ነው። ጡረታ ወጥቼ እጄ ሥራ ሲፈታ ጊዜ ወደ እንጦጦ እየወጣሁ፣ ከአንድ ገበሬ ወዳጄ ጓሮ ደርቆ የወደቀ ወይራ እያመጣሁ ከዘራ መሥራት ጀመርኩ። እንጨቱን በእንፋሎት አለዝቤ፣ አናቱን በገመድ ወጥሬ አጎብጬ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ በኑግ ዘይት ሳሸው ፊታችሁን ታዩበታላችሁ። ማየት ባትፈልጉም ታያላችሁ። ለራሴም አንድ አለኝ። እጀታው ላይ የወፍ አንገት የቀረጽኩበት፣ ሰባት ዓመት ከእጄ ያልተለየ፣ ለማንም የማላስነካው ነው። ሰው ግን እንዳይሳሳት፤ እኔ ከዘራ የምይዘው ለማስታወቂያ ነው እንጂ ጉልበቴ ምንም አልሆነም።

በኢንተርኔት መሸጥንም ማንም አላስተማረኝም። ኮንዶሚኒየም እንደ እንጉዳይ የሚፈላበት፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን የሚያርፍበት ዘመን ነበር። ዘመናዊ ስልክ ገዛሁና በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠንቅቄ አወቅሁት። በመጀመሪያው ሳምንት ባትሪውን ማብራት፣ በሁለተኛው ማጥፋት፣ በሦስተኛው ገጽ መክፈት። ገጹ ላይ የከዘራዎቼን ፎቶ ለጠፍኩ። እያንዳንዱን ከዘራ ይዤ የቆምኩት እኔው ስለሆንኩ መጀመሪያ ላይ ሰዎች የሚሸጠው እኔ መስያቸው ነበር። ቀስ በቀስ ትእዛዝ ጎረፈ። ጎረፈ ማለት በወር አራት አምስት ይመጣ ነበር፤ ለከዘራ ጎርፍ ነው።

ችግሩ ወዲያ ነው የመጣው። ሰው ከዘራ በስልክ ያዛል እንጂ ከዘራ በስልክ አይሄድም። እኔም እንደ አገሩ ልማድ ወደዚያ አቅጣጫ የሚሄድ ሰው እየፈለግሁ፣ «እግረ መንገድህን ይቺን አድርስልኝ» እያልኩ ነበር የምልከው። አንዱ ከዘራ እግረ መንገዱን ለቅሶ ደርሶ እዚያው ቀረ። ሌላው ለማን እንደ ደረሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንድ ደንበኛዬ ጠብቆ ጠብቆ ገጼ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ጋሼ፣ ከዘራው አሁንም አልደረሰም። አባቴ ግን እስከዚያው ተሽሏቸው ያለ ከዘራ መሄድ ስለ ጀመሩ አይቸገሩ።» ከሥሩ ስንት ሰው የሳቅ ምልክት እንዳደረገበት አልነግራችሁም።

በዚህ ሰሞን ነው የሶስና መልእክት የመጣው። «ጋሼ ሰላም ነው? ሶስና እባላለሁ። ለአባቴ ከዘራ ፈልጌ ነበር። የካ አባዶ ነው የምንኖረው። ግን ፕሊስ ከሰርጌ በፊት መድረስ አለበት።»

ደወልኩላት። አባቷ አቶ ደምሴ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ፣ መለሎ ሰው ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም፣ ውኃም በየሳምንቱ ይጠፋል። ጄሪካን ይዘው ሲወጡ ደረጃው ላይ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ስብራቱ ገጠመ፤ እሳቸው ግን ከቤት አልወጡም። ሐኪም ቤት የሰጣቸውን የብረት ምርኩዝ ፎጣ ያሰጡበታል። «በብረት ተንጠልጥዬ በሰው ፊት ልጄን አልሸኝም» ብለዋል።

«ጋሼ» አለችኝ ሶስና፣ «አባቴ ካልወረደ እኔም አልወርድም። ብሎካችን ሥር ቆሞ መርቆ መኪና ውስጥ ካላስገባኝ እኔ ሰርግ አልለውም።» ከዚያ ድምፅዋ ተቆረጠ። መጀመሪያ ኔትዎርኩ መስሎኝ ነበር።

«ልጄ፣ አባትሽ በእኔ ከዘራ ይወርዳሉ። የሰው ስም ብቻ አይደለም የያዝኩት፣ ሙያ ነው» አልኳት። ምን ለማለት እንደ ፈለግሁ አሁን አላስታውስም፤ ሲወጣ ግን ያምር ነበር። ለሰርጉ አንድ ወር የማይሞላ ጊዜ ነበር የቀረው። የአባቷን ልክ ላከችልኝ፣ በአራት ቀን ሠርቼ ጨረስኩ። ከእኔ ከዘራ በአንድ ስንዝር የሚበልጥ፣ እንደ ባለቤቱ መለሎ፣ የሚያምር ከዘራ ነበር።

«ታዲያ ለምን ራስህ አታደርስላትም?» አለች በላይነሽ ሽንኩርት እየላጠች። «ከመገናኛ አውቶቡስ አለ።»

«እኔ እኮ አሁን ድርጅት ነኝ» አልኳት። «ድርጅት እቃውን ተሸክሞ ሲዞር የት አይተሻል?»

«ድርጅቱ ከሰዓት በኋላ ምን ሥራ አለው?»

እኔ ያሰብኩት ትልቅ ነገር ነበር። ለዚህ ሰርግ ብቻ ሳይሆን ለዘለቄታው የሚሆን ታማኝ እቃ አድራሽ መምረጥ! መምረጥ ደግሞ በወሬ አይሆንም፤ ፈተና ያስፈልጋል። ለፈተናው የሚሆን አንድ ጠማማ ከዘራ ነበረኝ፤ ሙያውን ስማር መጀመሪያ የሠራሁት ነው። ተማሪውም አስተማሪውም እኔ ስለ ነበርኩ ጥፋቱን ለሁለት ተካፍለነዋል። ተቀባዩ የበላይነሽ ወንድም ግርማ ሆነ፤ ካራ ነው የሚኖረው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ጎመን ማሳው አጠገብ። በደብተር ላይ መስመር አስምሬ «ፍጥነት፣ ጥንቃቄ፣ ሥነ ምግባር» ብዬ የፈተና ወረቀት አዘጋጀሁ።

የመጀመሪያው ተፈታኝ የካራ ታክሲ ረዳት ነበር። «ፋዘር አያስቡ፣ የሰውዬውን ስልክ ብቻ ይጻፉልኝ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ይቀበለኛል» አለ። ግርማ መንገድ ላይ ቆመ። ታክሲው አለፈ። እንደገና ሲመለስም አለፈ። ከሦስት ቀን በኋላ መገናኛ ላይ አንድ ታክሲ ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? የተንሸራታቹ በር መያዣ ተሰብሮ በምትኩ የእኔ ጠማማ ከዘራ ከውስጥ በኩል ወንበር ላይ ተጠምዶ በሩን ይዞታል!

«ይሄ እኮ የእኔ ከዘራ ነው!» አልኩና ያዝኩት።

«የእርስዎ ነው እንዴ ፋዘር?» አለ ረዳቱ ሳያፍር። «እግዜር ይስጥልን! ይሄ ባይኖር እኮ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ አንወጣም ነበር።»

«አምጣው!»

«አባባ በናትዎ!» አሉ በሩ ሥር የተቀመጡ አንዲት እናት መቀነታቸውን ጨብጠው። «እኔ እስክወርድ እንኳ ይታገሱን።» እሳቸው የሚወርዱት ደግሞ ካራ ነው። እኔ ሌላ ቦታ ስሄድ የነበርኩት ሰውዬ፣ የሰው ነፍስ ይዤ እስከ ካራ ድረስ ሄድኩ፤ ከዘራዬን የተረከብኩት እሳቸው ሲወርዱ ነው። ከዘራው ግን ንቅንቅ አላለም። በጠማማው እንኳ እንዲህ ነው የምሠራው።

ሁለተኛው ባለ ሞተር ሳይክል ነበር፤ የራስ ቁሩ የሚያብረቀርቅ፣ ንግግሩ ፈጣን የሆነ ልጅ። «ኖ ፕሮብሌም ፋዘር፣ ሎኬሽን ብቻ ይላኩልኝ» አለ።

«ሎኬሽኑ ጎመን ማሳው አጠገብ ነው።»

«እሱማ ገባኝ፣ በስልክ ፒን ያድርጉልኝ።»

«ጎመኑ እኮ ከመንገድ ይታያል!» አልኩት። ተስማማን። ከዘራውን ከኋላው አግድም አሰረና እንደ ንብ ጮኾ ሄደ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግርማ ደወለ።

«ከዘራው ደርሷል» አለ።

«ተባረክ! ፍጥነት ሙሉ ነጥብ።»

«ባልዲውንስ ምን ላድርገው?»

«የምን ባልዲ?»

ለካ ልጁ ኮተቤ ላይ በመኪናዎች መካከል ሲሾልክ የከዘራው ቆልማማ አናት ከመንገድ ዳር ሱቆች የተሰቀለውን ሁሉ እየለቀመ ነው የሄደው። አንድ ባልዲ፣ ሁለት ወንፊት፣ የአንዲት ወይዘሮ ጃንጥላ፣ ከማን እንደ ሆነ ያልታወቀ የሕፃን ሹራብ። ሞተሩ ጮክ ስለሚል ልጁ ከኋላው የሚጮኸውን ሕዝብ አልሰማም። በማግስቱ እኔና ግርማ ሱቅ ለሱቅ እየዞርን «ይቅርታ፣ ይህ ወንፊት የእናንተ ነው?» ስንል ዋልን። ሹራቡ እስከ ዛሬ ባለቤት አላገኘም።

ሦስተኛው ሰው ሳይሆን እቃ የሚያደርስ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም። መስኮቱ በመስታወት የተጋረደ፣ ውስጡ ክራባት ያሰረ ልጅ የተቀመጠበት። ከዘራውን ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ አናቱ ተረፈ። በግርጌው ገልብጦ ከተተው፤ አሁንም ተረፈ።

«እቃው ከሳጥኑ በለጠ» አለኝ።

«ትልቅ ሳጥን የላችሁም?»

«አለን። እሱ ግን ለትልቅ እቃ ነው።»

«ይሄስ?»

«ይሄ ረጅም እቃ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

አሰብ አደረገና፣ «ለሁለት ቆርጠውት ቢያመጡ በአንድ ቅጽ እናስተናግድዎ ነበር» አለ።

«ልጄ፣ አንተስ ማታ እግርህ ከአልጋው ቢተርፍ ታስቆርጠዋለህ?» ብዬው ወጣሁ። በደብተሬ ላይ በሦስቱም መስመር ዜሮ ሰጠሁት፤ ወረቀት ባይጨርስብኝ ከዚያም ዝቅ አደርገው ነበር።

ይህን ሁሉ ሳደርግ ሶስና በየሁለት ቀኑ «ጋሼ፣ ደረሰ?» ትላለች። «በሂደት ላይ ነው» እላታለሁ። ይህን አነጋገር ያገኘሁት ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ራሴን በራሴ ካላስተማርኳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው።

ጸዳለን ያገኘኋት በዚህ መካከል ነው። እኛ መንገድ ላይ ባለው የጴንጤዎች ቸርች ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ የምትኖረው የካ አባዶ ስለ ሆነ ጠዋትና ማታ በአውቶቡስ ትመላለሳለች። በሰፈራችን የሚወራላት አንድ ነገር አለ። ጉልት ሻጯ በስህተት አንድ ሎሚ ብትጨምርባት መገናኛ ከደረሰች በኋላ አይታ፣ ለአውቶቡስ የቆመችበትን ሰልፍ ትታ ተመልሳ የሰጠች ናት። እኔና በላይነሽ የማርያምን ማኅበር የምንጠጣ ሰዎች ነን፤ የሎሚው ነገር ግን ሃይማኖት አይለይም።

ጠማማውን ከዘራ ሰጠኋት። በማግስቱ ጠዋት በራችን ላይ ቆማለች፣ ከዘራው በእጇ።

«ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ሰውየው ለቅሶ ሄደው የሉም። ጎረቤታቸው እኔ ልቀበልሽ አሉኝ፤ የተላከው ለእሳቸው ስላልሆነ ይዤው ተመለስኩ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ማድረስማ ማንም ያደርሳል። አለማድረስን የሚያውቅ ግን ስንት ሰው አለ? በሦስቱም መስመር ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። እንግዲህ ከተፈታኞቹ ሁሉ ፈተናውን ያለፈችው ከዘራውን ያላደረሰችው ብቻ ናት። ይህ ነገር ያን ጊዜ አላሳሰበኝም።

ፈተናው ቀኑን በልቶ ስለ ነበር የአቶ ደምሴን ከዘራ ለጸዳለ ያስረከብኳት በሰርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ከቢሮ ስትወጣ ነው። በጋቢ ጠቅልዬ በሲባጎ አስሬዋለሁ።

«ጸዳለ ልጄ፣ አደራ!» አልኳት። «ሶስና ለምትባል ልጅ ነው። ከእሷ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጪ።»

«እሺ ጋሼ።»

«እናቷ ብትጠይቅሽ?»

«አልሰጥም።»

«አባቷ ራሳቸው ቢመጡ?»

ትንሽ አመነታች። «ከዘራው የእሳቸው አይደለም እንዴ?»

«የሚረከበው ያዘዘ ነው። ሥርዓት ነው!»

«እሺ፣ አልሰጥም።»

«መታወቂያዋን እዪ።»

«አያለሁ።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን ንግግሬ እየጣፈጠኝ ሄደ። «በዚህ ዘመን አታላዩ በዝቷል» አልኳት። «በእኔ ቁጥር ይደውላሉ፣ በእኔ ድምፅ ያወራሉ። ስለዚህ እኔ ራሴ ደውዬ ስጪ ብልሽ እንኳ እንዳትሰጪ!»

«ኧረ አንተ ሰው ተው» አለች በላይነሽ ከጓዳ።

ጸዳለ ግን ሁሉንም እንደ ጸሎት ሰምታ፣ ከዘራውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ሄደች። እኔም ቢሮዬን ዘግቼ እግሬን ዘረጋሁ። ቢሮዬ አልጋዬ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። ሶስና ናት። «ጋሼ! ሴትየዋ በራችን ላይ ቆማለች። ከዘራውን ታቅፋለች፣ አልሰጥም አለች!»

«መታወቂያሽን አሳያት እንጂ።»

«አሳየኋት እኮ! መታወቂያዬ ላይ ያለው አበባየሁ ነው። አያቴ ናቸው ያወጡልኝ። ቤት ውስጥም አቡ ነው የሚሉኝ። ሶስናን ራሴ ነኝ ያወጣሁት፣ ፔጄ ላይ።»

«አበባየሁ ምን ጎደለው? ቆንጆ ስም አይደለም እንዴ?»

«ጋሼ፣ አሁን እሱ ነው ጥያቄው?»

እውነቷን ነው። ወዲያው ለጸዳለ ደወልኩ።

«ጸዳለ፣ እኔ ነኝ። ልጅቷ ራሷ ናት፣ ስጫት።»

ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ቁጥሩን አየች መሰለኝ።

«ሰማሽኝ? እኔ ነኝ እኮ!»

«እሱንም ይላል ተብያለሁ» አለች።

«ማን ነው ያለሽ?»

«ጋሼ ናቸው።»

«ጋሼ እኮ እኔ ነኝ!»

«ወንድሜ» አለችኝ በርኅራኄ፣ «ጌታ ይወድሃል። ይሄ ሥራ አያዋጣህም፣ ተመለስ።» ዘጋችው። ከዚያም ለሶስና «ድምፃቸውን ግን ቁጭ አድርጎታል» አለቻትና ከዘራውን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ደጋግሜ ብደውልም አላነሣችም። በላይነሽ ብትደውልም አላነሣችም፤ ለካ የሚስቴንም ድምፅ ሊያስመስሉ ይችላሉ ያልኩት እኔው ነኝ፣ በር ላይ ስሸኛት።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ድርጅቱ ተነሣ። በላይነሽ ኮቴን አቀበለችኝ፣ ከዘራዬን አቀበለችኝ፣ በሩን ከፈተችልኝ። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከመገናኛ አውቶቡስ ያዝኩ። አንዲት ልጅ ተነሥታ «ይቀመጡ አባባ» ብትለኝ፣ «ከዘራው ለማስታወቂያ ነው» ብዬ ቆምኩ። ኮተቤ ስንደርስ ተቀመጥኩ፤ ልጅቷን ላለማስቀየም ብዬ ነው። የካ አባዶ ወርጄ ቀና ብዬ ሳይ ልቤ ደነገጠ። ፎቁ ሁሉ አንድ ዓይነት! አንዱን ሰው ሠርቶ ሌላውን መስታወት የሠራው ይመስላል። የብሎኩን ቁጥር ስጠይቅ «የትኛው ፕሮጀክት?» ይሉኛል። በራሴ ብልሃት የሰርግ ድንኳን መፈለግ ጀመርኩ። ወሩ ጥር ነበር፤ ሦስት ድንኳን አየሁ።

የመጀመሪያው ድንኳን ውስጥ «የሶስና አባት የት ናቸው?» ብዬ ሳልጠይቅ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ፣ እጄን አስታጠቡኝ። «እኔ እኮ ለሌላ ሰርግ ነው የመጣሁት» ስላቸው፣ «ያ ይደርሳል፣ ይቺን ብቻ ይቅመሱ» ብለው አጎረሱኝ። ሁለተኛው ድንኳን ሰርግ ሳይሆን ለቅሶ ነበር፤ እሱን እንዲያው ጥሎ መውጣት ነውር ስለ ሆነ አንገቴን ደፍቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከሦስተኛው ድንኳን ስደርስ የሙሽራው መኪናዎች በአበባ ተሸልመው፣ ጡሩምባቸውን እየነፉ ብሎኩ ሥር ተሰልፈዋል። ሚዜዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሙሽራዋ ግን አልወረደችም።

አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሁለተኛው ላይ ጉልበቴ አስተያየት መስጠት ጀመረ፤ ሦስተኛው ላይ ጮኸ። ሳሎን ስገባ ሶስና በነጭ ቬሎዋ በር ላይ ቆማለች። አባቷ ሱፍ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀምጠዋል። የብረት ምርኩዙ ጥግ ላይ ፎጣውን ተሸክሞ ቆሟል። እናትየው «ደሙዬ፣ ሰው ቆመብን እኮ» ይላሉ።

«ጸዳለ አልመጣችም?» አልኩ።

«ቤቷ ሰው ላክን። ቸርች ሄዳለች፣ ስልኳም ዝግ ነው» አለችኝ ሶስና። ቀጥላ እጄን አየች፣ ከዚያ ፊቴን። «ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ነገርኩዎት» አለችኝ።

ከሥር መኪናዎቹ ጡሩምባ ነፉ። በእጄ ያለውን ከዘራ አየሁት። ሰባት ዓመት። የወፉ አንገት በመዳፌ ተሟሽቶ እንደ ሰው ቆዳ ለስልሷል። ሄድኩና አቶ ደምሴ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ እየመጣ ነው። እስከዚያ ይህን ይያዙልኝ።»

አንሥተው አገላበጡት። በአንድ እጃቸው መዘኑት። እጀታውን እንደ ማርሽ ዘንግ ጨበጡና ትንሽ ወዘወዙት። «ማን ነው የሠራው?»

«እኔ።»

«ማን አስተማረዎት?»

እናንተዬ፣ ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ! ለበላይነሽ፣ ለጎረቤት፣ ለታክሲ ተሳፋሪ ሁሉ ሳልጠየቅ መልሼዋለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን «ይነሡ እንጂ» ብቻ አልኩ።

ተነሡ። ሶስና በግራ በኩል ሆነች፣ እሳቸው በቀኝ እጃቸው የእኔን ከዘራ ተመርኩዘው ደረጃውን ጀመሩ። ያለ ከዘራ ከኋላ መከተል ስላልሆነልኝ የደረጃውን ብረት ይዤ በረንዳው ላይ ቀረሁ፤ የቀረውን ከላይ ነው ያየሁት። ከዘራው ስለሚያጥራቸው በየእርምጃው ጎንበስ ይላሉ፤ ሰርገኛው ለሰላምታ ዝቅ ያሉለት መስሎት እሱም ዝቅ ይልላቸዋል። እልልታው አራተኛ ፎቅ ደረሰ። መኪናው በር ላይ ቆመው ግንባሯን ሲስሟት፣ ምርቃታቸው ባይሰማኝም ሕዝቡ «አሜን» ሲል ሰማሁ። እኔም ከላይ «አሜን» አልኩ።

መኪናዎቹ ወጡ። ወላጆቹም ተከትለው ሄዱ። ብረቱን ይዤ፣ በየደረጃው አርፌ ወረድኩ። ሜዳው ላይ ስቆም ግን የምይዘው ብረት አልነበረም። እውነቱን ልናገር፦ ማስታወቂያው ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ ነው የነበረው። አንድ እርምጃ መሄድ አቃተኝ።

በዚህ ጊዜ ጸዳለ እየሮጠች መጣች፤ ሲፈልጓት እንደ ነበር የሰማችው ከቸርች ስትወጣ ነው። መጽሐፍ ቅዱሷን በብብቷ፣ በጋቢ የተጠቀለለውን ከዘራ በክንዷ።

«ጋሼ! እውነተኛው እርስዎ ነዎት?» አለችኝ ከላይ እስከ ታች እያየች።

«እኔ ነኝ። ልጅቷም እሷው ነበረች። አሁን ሄዳለች። በይ ከዘራውን ስጪኝ፣ እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል።»

ጸዳለ ከዘራውን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ከእሷ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጪ ነው ያሉኝ።»

«እኔ እኮ ነኝ ያልኩሽ!»

«ማንም ሲሉ እርስዎን ለይተው አላወጡም» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ጋሼ፣ አደራ በላ ልሁን?»

ሙሉ ነጥብ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሷ ቀኝ ክንዷን ሰጠችኝ፣ በግራዋ ከዘራውን ያዘች። እኔ የሠራሁት ከዘራ ከአጠገቤ እየሄደ፣ እኔ በደብዳቤ ጸሐፊ ክንድ ተንጠልጥዬ እስከ አውቶቡሱ ደረስን። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየን። አንዱ እንዲያውም «እህቴ፣ ከዘራውን ለምን አትሰጫቸውም?» ቢላት፣ «የሰው ነው» አለችው። እስከ ቀበና አድርሳኝ፣ ለበላይነሽ በእጇ አስረከበችኝ። በላይነሽም «መታወቂያ ላሳይሽ?» አለቻት።

ሙሽራዋ ከመልሱ በኋላ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ጸዳለ በር ላይ ጠበቀቻት። አያትየው ራሳቸው መጥተው አበባየሁና ሶስና አንድ ሰው መሆናቸውን መሰከሩ፤ ከዘራው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። አቶ ደምሴ ግን አልለወጥም አሉ። «የእኔ ይኼኛው ነው፣ ልጄን የዳርኩበት» ብለው የወፉን አንገት ጨበጡ። አሁን በየጠዋቱ ከአራተኛ ፎቅ ወርደው ግቢውን ይዞሩበታል፤ ጎንበስ ጎንበስ ስለሚሉ በብሎኩ ውስጥ በትሕትና የታወቁ ሆነዋል አሉ።

ከዚያ ወዲህ እቃዬን ሁሉ የምልከው በጸዳለ ነው፣ ትእዛዜንም በአንድ ዓረፍተ ነገር እጨርሳለሁ። የእሳቸው ረጅሙ ከዘራ ለእኔ ደረሰኝ። ከልኬ በአንድ ስንዝር ይበልጣል። በመጋዝ ልቆርጠው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ነበር፤ የሠራሁት ሥራ ስላሳሳኝ ተውኩት። ስለዚህ እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ፣ ትከሻዬን ከፍ፣ አገጬን ቀና አድርጌ ነው የምሄደው። የቀበና ሰው በኩራት ነው ይላል። አላስተባብልም።